ፓርቲ የለኝም

እሑድ፣ ጁን 21

እግሬ አብጧል። ከአምልኮ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሰናይትን ወረቀት በየበሩ ሳድል ዋልኩ። ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሁሉ የኔ ዕጣ ነው። ሰናይት የሟቹ ጓደኛዬ የታደሰ ልጅ ናት፤ ለካውንቲው፣ ማለትም ለወረዳው፣ ምክር ቤት ትወዳደራለች። ክራዮን ስትበላ የማውቃት ልጅ! እዚህ ወሳኙ ፓርቲዋ ዕጩውን የሚለይበት የማክሰኞው ማጣሪያ ነው፤ እሱን ያለፈ የኖቬምበሩ ዋና ምርጫ አያሰጋውም። ታልፋለች። የቤተ ክርስቲያናችንን አሥራ ዘጠኝ ሰው ለመራጭነት ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ ፎርሙን አንድ በአንድ ሞላሁላቸው። ኮርቻለሁ፣ ማስታወሻዬ፤ ላንተ ምን እደብቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ጁን 23፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጧት ከራቫት አስሬ ሄድኩ። የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የትምህርት ቦርድ ዕጩዎች ብቻ። አገላበጥኩት። የሰናይት ስም የለም። የጣቢያዋ ሴትዮ ኮምፒውተሯን አይታ በትሕትና አስረዳችኝ። ፓርቲ የለህም አለችኝ፤ ፓርቲ የሌለው በፓርቲ ማጣሪያ አይመርጥም። ዛሬ መቀየርም አይቻልም።

ፎርሙ የየትኛው ፓርቲ አባል እንደሆንኩ ሲጠይቅ «የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት ያደረግኩት በገዛ እጄ ነው። አገር ቤት ወንድሜ ስሙ የፓርቲ ዝርዝር ላይ በመገኘቱ ብቻ ከቤት ወጥቶ ቀርቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ። የኔ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ለአሥራ ዘጠኙም እዚያው ላይ ነው ምልክት ያደረግኩት። ከነሱ እትዬ ብርቄ ለምን ብለው ቢጠይቁኝ፣ ፓርቲ ምን ያደርግልዎታል ብዬ ተቆጣሁ። አሁን ሁሉም ይደውላሉ። አላነሳም። ፈሪ።

ዓርብ፣ ጁላይ 3

ቆጠራው አለቀ። ሰናይት በአሥራ አራት ድምፅ ተሸነፈች። በአሥራ አራት!

ከሰዓት ደወለች። ስለደከምኩላት ልታመሰግነኝ። አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳት።

«ጋሼ» አለች፣ «ለምን አልጠየቁኝም? አንድ ቴክስት ቢያደርጉልኝ ይበቃ ነበር እኮ።»

ምን ልበላት? ልጅ ናት ብዬ ነዋ። ምክር ቤት ትግባልኝ ብዬ ደረጃ ለደረጃ ስዳክር፣ እሷን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ግን አልታየኝም። ይቅርታ አልኳት። እሺ አለች፤ ድምፅዋ ግን እሺ አላለም።

ነገ አሥራ ዘጠኙም ቤት እሄዳለሁ። ጥፋቴን እነግራቸዋለሁ። አዲስ ፎርም እሰጣቸዋለሁ፤ ምልክቱን ራሳቸው ያድርጉ። የራሴን አሁን ልሞላ ተቀምጫለሁ። ስሜን ጻፍኩ፣ አድራሻዬን ጻፍኩ። ፓርቲ የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ግማሽ ሰዓት ሆነኝ።