ምድጃውን በፈቃዱ ያስረከበው ሰው ለንጹሕ ሙቀት ጽሕፈት ቤት ያቀረበው ምስጋና

ለክቡር የንጹሕ ሙቀት ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
ኡላንባታር

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለርስዎ፣ ለቤተሰብዎና፣ ካለዎትም ለከብቶችዎ ጤና እመኛለሁ፤ የብርዱ ወራትም በሰላም እየወጣልዎ እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ናምጂል እባላለሁ፤ በሰሜኑ ኮረብታ በድንኳን የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የከሰል መኪና ሾፌር ነኝ። ስሜን ቢዘነጉት እንኳ ፊቴን አይዘነጉትም። በአውቶቡስ ፌርማታው ትልቅ ሰሌዳ ላይ የብረት ምድጃዬን ለሠራተኞችዎ እያስረከብኩ የቀሩኝን ጥርሶች የማሳየው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ከሥሩ «የመጀመሪያው ጀግና» ተብሎ ተጽፏል። ጎረቤቶቼ ሌላ ስም አውጥተውልኛል፤ ደብዳቤው በጨዋ ደንብ እንዲያልቅ ስለምሻ እሱን ልተወው።

ምድጃዬን ያስረከብኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለቤቴ ዱልማ ብርዱ በገባና ኮረብታችን ከሰል ማጨስ በጀመረ ቁጥር ሳል ይይዛታል። ስለዚህ ሠራተኞችዎ «ምድጃውን ስጡን፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንሰጣችኋለን» ሲሉ ከሁሉ ቀድሜ ዘለልኩ። አልፌ ተርፌም ደመወዝ የቆረጡልኝ ይመስል ከድንኳን ድንኳን እየዞርኩ ሰበክሁ። ብቻቸውን የሚኖሩት ጎረቤታችን ወይዘሮ ያንጅማ፣ «አንተ ናምጂል፣ እሳት ሰጥቶ ገመድ የሚቀበል ሞኝ ዛሬ ገና አየሁ» ቢሉኝ፣ እንደ ተማረ ሰው ጉሮሮዬን ጠርጌ «ዘመኑ ተለውጧል» አልኳቸው።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት አመሰግናለሁ። ይህን በፌዝ አልጻፍሁትም። ኮረብታው ከጭስ ጠራ፤ የዱልማም ሳል ቀነሰ። ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥታ አየሩን እንደ ወተት ስትጠጣው እያየሁ፣ ሰሌዳው ላይ ካለው ሰውዬ ይበልጥ ኮራሁ። ዛሬም በኮረብታችን ላይ በኤሌክትሪክዎ የሚያምን አንድ ሰው ቢቀር እኔ ነኝ፤ መከራዬም ይኸው ነው።

፪ኛ፦ ስለ ሽቦው አመሰግናለሁ። ብርዱ ሲጠና ሁሉም ማሞቂያውን ለኮሰ፤ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ብቻ የተዘረጋው ሽቦም ቀለጠ፤ ትራንስፎርመሩ አንዴ ጮኸና ኮረብታው ጭልም አለ። ምድጃ ለመሰብሰብ መኪና በመኪና ላይ ሲመጣ፣ ወፍራም ሽቦ ይዞ የመጣ እንዳልነበር ያስተዋልነው ያን ጊዜ ነው። ከታች የከተማው ፎቆች እንደበሩ ናቸው። ሰሌዳው ላይ ያለሁት እኔም በዋናው መንገድ መስመር ላይ ስለተሰቀልኩ እንደበራሁ ነኝ። ዱልማ ካባ በካባ ላይ ደርቤ ስንቀጠቀጥ አይታ፣ «ሂድና ከሰሌዳው ሥር ቁም፤ ያኛው ባሌ ሳይሞቀው አይቀርም» አለችኝ።

በዚህ መሐል ከአንዲት ጭስ ማውጫ ጭስ ወጣ። ለካ ወይዘሮ ያንጅማ ያስረከቡት ዝገት የበላውን አሮጌ ምድጃ ኖሯል፤ ደኅናውን ደብቀውታል። ኮረብታው እንዳለ እሳቸው ዘንድ ገባ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።

«ጀግናው በሩ ሥር ይቀመጥ፤ ንጹሕ አየር ይወዳል» አሉ።

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። የበግ ሾርባ ሰጡኝ፤ እያፈርኩ ጠጣሁ፤ እያፈርኩም አስደገምኩ።

፫ኛ፦ ስለ ተቆጣጣሪዎችዎ ፍጥነት አመሰግናለሁ። ስለ ቀለጠው ሽቦ ብንደውል ብንደውል የሚያነሣ አጥተን ሳለ፣ ስለ አንዲት ጭስ ግን ሾርባው ሳይበርድ ሰው መጣልን። ሽፋሽፍቷ ላይ በረዶ የጋገረባት ወጣት ናት።

«ምድጃው የማን ነው?» አለች።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ብድግ ብዬ «የኔ ነው» አልኩ።

ትኩር ብላ አየችኝ። «አባባ፣ የርስዎንማ ተረክበናል። በየቀኑ ፌርማታው ላይ አይዎት የለ?»

«ተይው ልጄ» አሉ ወይዘሮ ያንጅማ፤ «ይኼ ሰው ውሸት እንኳ አያውቅበትም። ምድጃው የኔ ነው። አሁን ቁጭ በይና መጀመሪያ ሙቂ።»

ልጅቱ ተቀመጠች፤ ጣቶቿን ወደ እሳቱ ዘረጋች፤ ሾርባም ጠጣች። ከዚያ ተነሥታ፣ የማናችንንም ዓይን ሳታይ፣ ክሱን ጻፈች። በማግስቱ ምድጃው ተወሰደ፤ ወይዘሮ ያንጅማም «ደንብ ተላላፊ» ተብለው ከመብራት ድጎማ ተሰረዙ። በሌለ መብራት ላይ የነበራቸውን ቅናሽ መሰረዝ የርስዎን ያህል የረቀቀ አእምሮ ይጠይቃልና አድናቆቴ ይድረስዎ።

ዛሬ ወይዘሮ ያንጅማ ከኛ ጋር ይኖራሉ። ሽቦው ተጠጋግኖ አንዳንዴ ይበራል፤ ሲጠፋ ሁለቱ ሴቶች እኔን መሐል አስገብተው በኔ ላይ እየሳቁ ይሞቃሉ። ሌሎቹ ጎረቤቶች ግን መሳቅ ሰልችቷቸው ከበርሜል ምድጃ ሠርተዋል፤ ከሰል ሲያጡ የመኪና ጎማ ያነድዳሉ። ልፈርድባቸው አልችልም። ጭሱ ከቀድሞው ከፍቶ ተመለሰ፤ ሳሉም ከጭሱ ጋር መጣ። ትናንት ዱልማ ስትስል ቆይታ፣ ትንፋሿ ሲመለስላት፣ «ንጹሑን አየር ባታስለምደኝ ይሻል ነበር» አለችኝ። ለሁሉ ነገር ቀልድ የማላጣው ሰው ተነሥቼ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ክቡርነትዎ፣ ምድጃዬን መልሱልኝ አልልም። ለፎቆቹ የሚመጥን ሽቦ ለኮረብታውም ይዘርጋለት፤ ድሃ ንጹሕ አየር የሚያገኘው በመንቀጥቀጥ ብቻ አይሁን፤ የወይዘሮ ያንጅማም ድጎማ ይመለስ። ይህ ከሆነ እንደገና ቤት ለቤት ዞሬ ልሰብክልዎ ዝግጁ ነኝ። በድንጋይ ካባረሩኝም፣ ሩጫው ያሞቀኛል።

መላ ሰውነቴ በአክብሮት፣ በከፊልም በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣
ታዛዥ አገልጋይዎ
ናምጂል፣ ከሰሜኑ ኮረብታ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህችን የምጨምራት ደብዳቤውን በእጄ ላስረክብ መጥቼ፣ በጽሕፈት ቤትዎ ተራ እየጠበቅሁ ነው። ሠራተኞችዎ በእጀ ጉርድ ሸሚዝ ተቀምጠዋል፤ ሙቀቱ በዝቶባቸው አሁን ገና መስኮት ከፈቱ። ቅር አላለኝም። ብቻ ሌላ ጊዜ ሲከፍቱ በሰሜን በኩል ያለውን እንዲሆን ይዘዙልን፤ እኛ ያለነው በዚያ በኩል ነው።