ከመደቡ ሥር ሁለት ቀዳዳ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት፣ ለእጄ ሙያ ባለቤት ለአባቴ።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ የሚይዝዎት ያ ቁርጥማት ለቀቅ አደረገዎት ወይስ ዛሬም ግድግዳ እየተደገፉ ነው የሚሄዱት? ዓይንዎስ? መነጽሩን አስጠገኑት ወይስ አሁንም አንዱን እግሩን በክር አስረው ጆሮዎ ላይ ያንጠለጥሉታል? እማማ ደኅና ናት? ሳሉ ተዋት? እህቴስ፣ ልጆቿስ፣ ባሏስ? የግቢው በር እንደ ድሮው በተከፈተ ቁጥር ያለቅሳል ወይስ ዘይት አጠጣችሁት? እኔ ለአካሌ ደኅና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ልቤ ግን ደኅና አይደለም። ከማክሰኞ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ይህችን ወረቀት እንኳን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ። አሁን የምጽፈው በምሳ ሰዓት፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ፣ የተረፈ ብሎኬት ጠረጴዛ አድርጌ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ።

ማክሰኞ በስልክ ያበላሸሁትን ነው በወረቀት ለማቃናት የምሞክረው። ስልኩን ለእህቴ መልሰው ሲወጡ ሰምቻለሁ፤ ዱላዎ ሲሚንቶው ላይ እየራቀ ሲሄድ ቆጥሬዋለሁ። ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ደወልኩ፣ አራቱንም ጊዜ ተኝተዋል ተባልኩ። እርስዎ በቀን ተኝተው አያውቁም። ወረቀት ግን እንደማይጥሉ አውቃለሁ። የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ እንኳን ዳር እስከ ዳር ሳያነቡ ከረጢቱን የማይቀድዱ ሰው ነዎት። አብሮኝ የሚሠራው ቀለም ቀቢ ነገ ወደ አገር ቤት ይመጣልና ደብዳቤውን እሱ ይይዝልኛል። ከእርስዎ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። በዚህ ወር ጡረታ የወጡ አንዲት አስተማሪ ጓሮ ውስጥ የድንጋይ መደብ እንድሠራ ተላክሁ። ሥራው ለእርስዎ እንግዳ አይደለም፤ አምና ለእህቴ ከሠሩላት ጋር መንታ ነው ማለት ይቻላል። መደቡ በብሎኬት ይነሳል፣ ፊቱ ድንጋይ ይለብሳል፣ የጋዝ መጥበሻው ላዩ ላይ በልኩ በተተወለት ክፍተት ውስጥ ቁጭ ይላል። በጎኑ በብረት በር የሚዘጋ ክፍል አለ፣ ሲሊንደሩ እዚያ ይቆማል። አስተማሪዋ ልጆቻቸው ከያሉበት ተሰብስበው ቅዳሜ ስለሚመጡባቸው ጥድፊያው ለጉድ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ እየመጡ ድንጋዩን በመዳፋቸው ይዳብሱና የተማሪ ደብተር እንደሚያርሙ ዓይነት አንገታቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ።

ከእኔ በፊት ሥራውን ጀምሮት የሄደው ግንበኛ በሲሊንደሩ ክፍል ግርጌ፣ በግራና በቀኝ፣ ግማሽ ግማሽ ብሎኬት ሳያስገባ ትቶ ነበር፤ ከላይም ጣሪያው ሥር እንዲሁ። እኔ ያልጨረሰው ሥራ መሰለኝ። በልቤ ሰደብኩት። የእርስዎ ልጅ አይደለሁ? ቀዳዳ የተወ ግንበኛ ሥራውን አልጨረሰም፣ አይጡም ንፋሱም የጎረቤት ወሬውም የሚገባው በዚያ ነው ሲሉኝ ነው ያደግሁት። ሰኞ ጋዝ ገጣሚው መጥቶ ቱቦውን ገጠመ፣ መገጣጠሚያውን በሳሙና ውሃ ፈተሸ፣ ነገ መጥቼ አስረክባለሁ ብሎ ሄደ። እሱ እንደሄደ አራቱንም ቀዳዳ ደፈንኩ። ድንጋይ አለበስኩት፣ መስመሩን አስተካከልኩ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። የት እንደነበረ እኔ ራሴ እስክስት ድረስ አሳመርኩት። ያን ማታ ቢያዩኝ ኖሮ ይመርቁኝ ነበር እያልኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

ማክሰኞ ጠዋት አስተማሪዋ በሲሊንደሩ አጠገብ ባዶ ቦታ አይተው የሳህን ካርቶን ገፋ አድርገው አስገቡና በሩን ዘጉ። ካርቶኑ ቱቦውን ገፍቶት ኖሯል። እኔ መሣሪያዬን እያጠብኩ ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ አንዴ ልሞክረው ብለው ክብሪት ይዘው ሲመጡ ጋዝ ገጣሚው ከግቢው በር ገባ። ይህን ሰው አፍንጫው ነው የምንለው፤ ሌላው ሳይሸተው ለእሱ ይሸተዋል። ባለበት ቆመ። ድምፁን እንኳን ከፍ ሳያደርግ፣ እሜቴ ክብሪቱን ኪስዎ ይክተቱና ቀስ ብለው ወደ መንገድ ይውጡ አላቸው። ለእኔም በእጁ ምልክት ሰጠኝ። እግሬ እንዴት እንዳወጣኝ አላውቅም፤ ላብ አጥምቆኝ ከአጥሩ ውጪ ራሴን አገኘሁት።

እሱ የብረት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፣ የሲሊንደሩን መዝጊያ ዘጋ፣ እኛ ዘንድ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመ። ስንመለስ ሲሊንደሩን ሜዳ ላይ አውጥቶ መዝጊያውን ለቅጽበት ከፈተና በሳሙና ውሃ ቀባው፤ ቱቦው ከሲሊንደሩ ራስ በሚገናኝበት ቦታ የወይን ፍሬ የሚያህል አረፋ ተነሳ። ከዚያ ተንበርክኮ የመደቡን ግርጌ በመዳፉ ይዳብስ ጀመር። ቀዳዳዎቹን ነበር የሚፈልገው። ማነው የዘጋው ሲል እኔ ነኝ አልኩ። ወዲያው ደግሞ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አባቴ ነው እንዲህ ያስተማረኝ አልኩት።

አልሳቀብኝም። «አባትህ የሚገባውን ነበር የሚከለክሉት፤ እዚህ የሚያሰጋን የሚወጣው ነው» አለኝ። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ መሬት ላይ ይተኛል፤ መውጫ ካጣ እዚያው ተጠራቅሞ እሳት ይጠብቃል ብሎ አስረዳኝ። ቱቦ መቼም ቢሆን ሊላላ ይችላል፣ ቀዳዳው የተተወው ለዚያ ቀን ነው አለ። መሮና መዶሻዬን አንስቼ ያን ያሳመርኩትን ድንጋይ በገዛ እጄ ፈረፈርኩት። አስተማሪዋ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀዳዳ ሲከፈት ነው የእኛ ቤት ትዝ ያለኝ። ዙሪያውን የተዘጋው የእርስዎ መደብ፣ እህቴ በየቀኑ ቀትር ላይ አጠገባችን ላለው ጋራዥ ሠራተኞች ምሳ የምታዘጋጅበት፣ ልጆቿ ጀርባቸውን አስደግፈው የሚጫወቱበት። መዶሻውን ጥዬ ደወልኩ። እህቴ እጇ ሥራ ይዞ ስለነበር የስልኩን ድምፅ ለሁሉም እንዲሰማ ለቅቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ኖሯል፤ እኔ ይህን አላወቅሁም። አባባ የሠሩት መደብ ሰው ይፈጃል፣ ዛሬውኑ አጥፉትና አፍርሱት ብዬ ጮህኩ። የሳህኑ ድምፅ ቀጥ ሲል ተሰማኝ። አንዱ፣ ሽማግሌው ሊያነዱን ኖሯል ብሎ ሲስቅም ሰማሁ። ከዚያ እርስዎ ስልኩን አንስተው፣ የእኔ ግንብ አርባ ዓመት ሰው ጎድቶ አያውቅም፣ መዶሻ የሚያሳርፍበትም የለም አሉኝና ሄዱ።

አባባ፣ እንቅልፍም ምግብም የነሳኝ ይህ ነው፤ መደቡ ብቻ አይደለም። ተቀምጦ የማያርፍ ሰው ሆኛለሁ፤ ቀለም ቀቢው ሳይቀር ምን ሆነሃል፣ ጉንዳን ላይ ነው የተቀመጥከው እያለ ይቀልድብኛል። እውነቱን እርስዎ ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ሌላ ሰው ግን አያውቀውም። አምና መጥበሻውን የላክሁ ጊዜ ከካርቶኑ ውስጥ የወጣውን ወረቀት ፊደሉን ባያውቁትም ሥዕሉን አንድ በአንድ አይተው ደውለውልኝ ነበር። እዚህ ሥዕል ላይ ከታች በግራና በቀኝ ባዶ ቦታ ትተዋል፣ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔ መወጣጫ ላይ ነበርኩ፣ አለቃዬ ከታች ይጠራኛል፣ መልሱን ደግሞ አላውቀውም። አላውቅም ማለት ከበደኝ። ውጭ አገር ሠርቶ አባቱን የሚያስተምር ሰው መምሰል አማረኝና ለጌጥ ነው፣ ይዝጉት አልኩዎት። ያለ ምክንያት ባዶ ቦታ የሚተው ሰው አላየሁም አሉኝ። ሳቅሁብዎት። እርስዎም ልጄ ያውቃል ብለው ዘጉት።

ማክሰኞ ሰው ሁሉ እየሰማ ስወቅስዎት ይህን መናገር ይችሉ ነበር፤ አንተ ነህ ዝጋ ያልከኝ ቢሉኝ መግቢያ አልነበረኝም። አልተናገሩም። የእኔን ገመና ሸፍነው ስድቡን ተሸክመው ወጡ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ተነስቼ እንጎራደዳለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። በኩራት የተዘጋ ቀዳዳ ነው፤ ኩራቱ ግን የእኔ እንጂ የእርስዎ አልነበረም።

አሁን ጆሮ ዳባ ልበስ አይበሉኝ፤ እለምንዎታለሁ። መደቡ አይፈርስም፣ አፍርሱት ያልኩት ድንጋጤ ነው። ሁለት ቀዳዳ ከታች፣ አንድ በዚህ አንድ በዚያ ጎን ትይዩ፣ ከመሬቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ግማሽ ብሎኬት የሚያህል ይበቃል፤ ሁለት ደግሞ ከላይ ጣሪያው ሥር። ግን መዶሻ ከማንሳትዎ በፊት ሲሊንደሩ ተዘግቶ ይፈታና ከመደቡ ርቆ ሜዳ ላይ ይቁም፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳይጋደም። በሩ ተከፍቶ ክፍሉ በደንብ ይናፈስ፤ ብረት ድንጋይ ሲመታ የእሳት ፍንጣሪ እንደሚረጭ ለእርስዎ አልነግርም። ቀለም ቀቢው አራት የብረት ወንፊት ይዞልዎት ይመጣል፤ አፍንጫው ራሱ ቆርጦ የሰጠኝ ነው። ቀዳዳዎቹ ላይ ይግጠሙት፣ ጋዙ ይወጣል፣ አይጥ አይገባም። ያስተማሩኝም አልተሻረም።

ለእህቴም የሚነገር አለ። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር መገጣጠሚያውን በሳሙና ውሃ ትፈትሽ፤ አረፋ ከተነሳ ትዝጋው እንጂ እሳት አታስጠጋ። ስትለኩስ ክዳኑ ክፍት ይሁን። አንዴ ሞክራ ካልያዘ ሁሉን ዘግታ አምስት ደቂቃ ትታገሥ፤ ትዕግሥት እንደሌላት አውቃለሁ፣ ቢሆንም አምስት ደቂቃ ሰው አይገድልም። ስትጨርስ ከሲሊንደሩ ትዝጋ። እዚያ ክፍል ውስጥ ዘይት፣ ከረጢት፣ ሳህን፣ የልጆች ጫማ፣ ምንም ነገር አታስቀምጥ። ያን የላስቲክ ዳስም ከመጥበሻው በላይ ካለ ታንሳው። ቱቦው የጋለ ነገር እንዳይነካ እርስዎ ይዩላት፤ ዓይንዎ ባይረዳዎት ጣትዎ ይረዳዎታል።

አባባ፣ ሌላ ሰው እንዲሰብረው አልፈልግም። የእርስዎን ልስን የእርስዎ እጅ ይክፈተው። ጉልበትዎ ካስቸገረዎት የእህቴ ባል መዶሻውን ይያዝ፣ እርስዎ የት እንደሚመታ ያሳዩት። ሲከፈት መዳፍዎን ከታችኛው ቀዳዳ ፊት ያድርጉና ንፋስ ሲነካዎት መልእክት ይላኩልኝ። ያን ሳልሰማ እኔ አልረጋም።

እማማን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ለሳሏ የሚሆን የአንገት ልብስ ከወንፊቱ ጋር ልኬላታለሁ። የእህቴን ባል እንዴት ነህ በሉልኝ፤ መዶሻ ሲይዝ አውራ ጣቱን ይጠንቀቅ። ልጆቹን አንድ በአንድ አቅፋችሁ ሳሙልኝ፤ ትንሿን ደግሞ መደቡ ላይ መደገፍ እስኪፈቀድላት ድረስ አጎትሽ ተቆጥቷል በሏት። የጋራዡን ሰዎችም ሰላም በሉልኝ፣ ያ የሳቀውንም ጨምሮ።

አንቺ እህቴ፣ አባባ ይህን ብቻቸውን አንብበው እንደሚያጥፉትና ኪሳቸው እንደሚከቱት አውቃለሁ። ስለዚህ ደብዳቤውን እንድትቀበያቸው በቀለም ቀቢው በቃል ልኬብሻለሁ። ሁሉም ምሳ ላይ ተሰብስበው ሳሉ ስለ ሥዕሉ የጻፍኩትን ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ አባባ ጠይቀው ነበር፣ ይዝጉት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ስትጨርሺ ደውዪልኝና ስልኩን እንደዚያ ቀን ድምፁን ለቅቀሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። ይቅርታ ስጠይቃቸው ሰዎቹ ሁሉ ይስሙ።

ልጅዎ

ከአስተማሪዋ ጓሮ፣ ከተከፈተው መደብ አጠገብ
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን