«ለጓደኛዬም ጭምር»

ውድ ቀጮ፣

እንዴት ነህ? እዚያ ላለ ሰው ይሄ ቀላል ጥያቄ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ መጀመሪያ አጣሁ። ደብዳቤውን ከአንተ በፊት ጠባቂዎቹ እንደሚያነቡት እናትህ ነግረውኛል። ለእነሱም ሰላም ብያለሁ። ምስጢር ግን አይፈልጉበት፤ ምስጢራችንን ሁሉ ዐቃቤ ሕጉ ችሎት ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አንብቦታል።

እናትህ እንዴት አናገሩህ ትል ይሆናል። እሱን እነግርሃለሁ።

አባትህ ከሞቱ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ እንዳለህ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ዓይንህ ደም መስሎ ክፍል ስትገባ አስተማሪዎቹ ሌሊቱን ስታጠና ያደርክ መስሏቸው ያመሰግኑህ ነበር። እኛ ሁለታችን ብቻ በሆዳችን እንስቃለን። በኋላ ግን ሳቁም ቀረ። የሰፈራችን ጋራዥ ቀለም ቀቢ «ማሪዋና ሞክር፣ እንደ ሕፃን ነው የሚያስተኛህ» ብሎ ስልክ ቁጥር ሲሰጥህ አጠገብህ ነበርኩ። የቁጥሩ ባለቤት ቀደም ብሎ እንደታሰረና ስልኩ ፖሊስ እጅ እንደገባ ቀቢውም አላወቀ፣ እኛም አላወቅን። አንተ ዳቦ እንደሚያዝዝ ሰው ዘና ብለህ መልእክት ላክህ።

እኔ ቅጠሉ አላጓጓኝም። ብቻህን ለመሄድ እንደፈራህ ገባኝ፣ ተከተልኩህ። በቃ።

በመልሱ በቀጠረን ቦታ፣ ከጫማ መደብሮቹ ጀርባ፣ ማስቲካ የሚያኝክ ሰውዬ ቆሞ ነበር። «የጻፍክልኝ አንተ ነህ?» አለህ። «አዎ» አልከው። «ለስንታችሁ ነው?» ሲልህ ወደ እኔ ዞረህ «ለሁለታችን» አልክ። ወዲያው የእጅህን አንጓ ያዘና «ፖሊስ ነኝ» አለ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እጅህ ላይ ካቴናው ሲገባም ፊቴ ገና ከሳቁ አልተመለሰም ነበር።

ጣቢያው ውስጥ «ምንም አልገዛንም እኮ! እጃችን ላይ ምን አገኛችሁ?» ብለህ ስትጮህ፣ ጉንፋን የያዛቸው መርማሪ አፍንጫቸውን እየጠረጉ መለሱልህ። «ልጄ፣ ለመግዛት መሞከርም ወንጀል ነው። እጅህ ላይ ባይገኝ ስልክህ ላይ ተገኝቷል።» ክፋት አልነበረባቸውም። የደከማቸው ሴት ነበሩ።

ከዚያ ዕድሜያችንን ጠየቁን። አንተ «አሥራ ስምንት» አልክ፤ እንዲያውም ኮራ ብለህ ነው። ልደትህን ያከበርነው በቅርቡ ነበር። እኔ «አሥራ ሰባት» አልኩ። ሴትዮዋ ብዕራቸውን አቁመው አንዴ አንተን፣ አንዴ እኔን አዩ። «አንተ አባትህን ጥራ» አሉኝ። ለአንተ ምንም አላሉህም። ያን ዝምታ ያኔ አልተረዳሁትም።

እኔን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ለአባቴ አስረከቡኝ። አባቴ እንደምታውቀው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላው አስቀምጦ ቤት ወሰደኝ። አንተ ግን እንደ ትልቅ ሰው ችሎት ቀረብክ። ዐቃቤ ሕጉ መልእክትህን አነበበ፦ «ለጓደኛዬም ጭምር ስለሆነ በዛ አድርገው።» ለራሱ ብቻ አይደለም፣ ለሌላ ሰው ሊያቀርብ ነው አለ። ጠበቃህ ተነስተው «ጓደኛው ማለት ያውና፣ ያ ልጅ ነው! አንድ ልጅ!» ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዳኛዋ «ለአንድም ሰው ቢሆን ያው ነው» አሉ። የመጀመሪያ ጥፋትህ ስለሆነ ቅጣቱን አቅልለውልሃል ተባለ። የቀለለው ዓመት ከመንፈቅ ነው።

ቀጮ፣ ያቺን «ለጓደኛዬም» የምትል ቃል አስበህልኝ ነበር የጻፍካት። እኔ ባልጠይቅህም አልረሳኸኝም። አንተን እዚያ ያቆየችህ እሷ መሆኗን ሳስብ የምገባበት ይጠፋኛል።

እዚህ ትምህርት ቤት ወንበርህ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ከአጠገቤም የተቀመጠ የለም፤ ወላጆች ልጆቻቸውን መክረዋል መሰለኝ። በእረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ደረጃው ላይ ብቻዬን እውላለሁ። የሚያስቅ ነገር ሳይ ዞር እላለሁ፣ የለህም። አንድ ቀን ልጠይቅህ መጥቼ ነበር። በረኛው ዕድሜዬን ሰምቶ፣ ስሜንም ከመዝገብህ ላይ አግኝቶ «ዕድሜህ ሲሞላ ና» ብሎ መለሰኝ። አጥሩን ተከትዬ ዞርኩት። የቱ መስኮት ያንተ እንደሆነ አላወቅሁም።

አንድ ክፉ ወሬም አለኝ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ይሻልሃል። ልትገባበት የነበረው የኤሌክትሪክ ማሠልጠኛ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ ጠይቆ ነበር። ቦታህን ለሌላ ልጅ ሰጥተውታል። ሌላ በር እናንኳኳለን፤ የትኛውን እንደሆነ ግን ገና አላውቅም።

አሁን ስለ እናትህ። ከፍርዱ ወዲህ ሰላምታዬን አይመልሱም ነበር፤ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ። አልፈረድኩባቸውም። ባለፈው ሳምንት ግን ከስፌት ቤታቸው በቀጥታ፣ መርፌ የሰካኩበትን ሽርጥ እንኳ ሳያወልቁ ቤታችን መጡ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ አያናግረኝም» አሉኝ። «ስንቁን ይቀበለኛል፣ ደህና ነኝ ይለኛል፣ ከዚያ መሬት መሬት ያያል። ካንተ ጋር ምን ነበር የምታወሩት? እስቲ ንገረኝ፣ እኔም ላውራው።»

እውነቱን ነገርኳቸው።

«እንቅልፍ አይወስደውም ነበር» አልኳቸው። «የሄድነውም ለእንቅልፍ ብሎ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቀብሩ ጀምሮ።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እኔም እኮ አልተኛም ነበር» አሉ። «እሱ እንዳይሰማኝ ትራሴን ነክሼ ነበር የማለቅሰው። ልጄ ተኝቷል፣ አልቀስቅሰው እያልኩ።»

ቀጮ፣ አንተም እሳቸውን እንዳትቀሰቅስ ነበር ሳትንቀሳቀስ ታድር የነበረው። ነግረኸኝ ነበር። ይህንንም ነገርኳቸው። አትቆጣኝ።

ደብዳቤውን እሁድ ይዘውልህ ይመጣሉ። እኔ ዕድሜዬ እስኪሞላ እሳቸው ብቻ ናቸው ያሉህ፤ እሳቸውም አንተ ብቻ ነህ ያላቸው። ስለ እኔ አታስብ፣ እጠብቃለሁ። ስንቁን ከተቀበልክ በኋላ ግን ቀና በልና «እማ፣ አሁንስ እንቅልፍ ይወስድሻል?» በላቸው።

ሁሌም ጓደኛህ፣
ድብልብሌ