ሐረጎ ላይ ነፋስ ከለልህ ስለመባሌ

ለተከበሩ አቶ ደምመላሽ
የደሴና ኮምቦልቻ የብስክሌት ቀን አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደሴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየማስታወቂያ ሰሌዳው የሚያርፈው ክብ ማኅተምዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን በኮሚቴ ውሳኔ ከተጠቀሰ ወዲህ ትንሽ ኮርቷል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ባለፈው እሑድ ኮሚቴዎ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ደሴ የሚያልቅ የብስክሌት ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ከሴቶች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ስማቸው ለሥልጠና ይላካል ተብሎ ስለነበር፣ የልጅ ልጄ ጽናት በላቸው ሦስተኛ፣ ጓደኛዋ ረውዳ ሰይድ አራተኛ ሲገቡ እናቶቻቸው መንገድ ላይ እልል ብለዋል። ማክሰኞ ጠዋት ግን «ያልተመዘገበ ብስክሌተኛ ፊት ፊታቸው እየሄደ ነፋስ ስለከለለላቸው» የሁለቱም ውጤት ተሰርዟል የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ አምስተኛዋም በአንድ ሌሊት ሦስተኛ ሆነች። ያ ያልተመዘገበ ብስክሌተኛ እኔ ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። ዝርዝሩ የሚላከው የፊታችን ሰኞ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ለማንበብ አምስት ቀን አለዎት፤ ውሳኔውን ለመጻፍ የወሰደብዎ ጊዜ ከዚያ ያነሰ እንደነበር እገምታለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ነፋሱ። ኪሎዬ ሃምሳ አንድ ነው። ነፋስ እንኳን ልከልል፣ የካቲት ላይ ትንሽ ሲነፍስ ምራቴ «አባባ፣ ዛሬ ደጅ አይውጡ» ብላ በር የምትዘጋብኝ ሰው ነኝ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ስሠራ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚችው ጥቁር ብስክሌት ተመላልሻለሁ፤ «ከኋላህ ሆኜ ከነፋስ ዳንሁ» ያለኝ አንድም የፈረቃ ጓደኛ የለም። ይህን የተሸሸገ ግዝፈቴን በስተርጅና ላገኘልኝ ኮሚቴ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ባለቤቴ ወረቀቱ ሲነበብላት ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እስቲ ዙር» አለችኝ። ዞርሁ። አሁንም አላመነችም።

ሁለተኛ፣ ሳልመዘገብ ስለመግባቴ። በዚህ ጥፋተኛ ነኝ፤ አልክድም። ነገር ግን ልመዘገብ ሄጄ ነበር። መዝጋቢዋ ወይዘሮ የተወለድሁበትን ዓመት ስነግራት ኮምፒውተሯን ወደ ታች፣ ደግሞ ወደ ታች ስታወርድ ቆየችና «አባባ፣ የእርስዎ ዘመን እዚህ ውስጥ የለም፤ ዝም ብለው ልጆቹን ይሸኟቸው» አለችኝ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎትና ወሎ ውስጥ ሸኝ የተባለ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይጠፋዎትም። ደጃፍ ላይ ቆሞ እጁን አውለብልቦ አይመለስም። «ተመለስ፣ ይበቃል» እየተባለ ወንዝ ያሻግራል፤ ዳገት ካለም ዳገቱን አብሮ ይወጣል። ሜዳ ሜዳውን ሸኝቼ ሐረጎ ዳገት ሥር ስደርስ ብመለስ ኖሮ፣ በዚህ ዕድሜዬ የሸንጎ መሳቂያ መሆኔ ነበር።

ደግሞም ሳይመዘገቡ መግባት ወግ አለው። ሠርግ ቤት ሳይጠራ የገባ ሰው በር አጠገብ ይቀመጣል፣ እጁን ከሁሉ በኋላ ይታጠባል፣ ከሙሽራ ጋር ፎቶ ልነሳ አይልም። እኔም በዚሁ ሥርዓት የማንንም መንገድ እንዳልዘጋ ከውድድሩ አርባ ደቂቃ ቀድሜ ተነሳሁ፤ በአስፋልቱ ጠርዝ ሄድሁ፤ ውኃዬን በኮዳዬ ያዝሁ። ሙዝ የምታድል ልጅ አንድ ስትዘረጋልኝ «አልተመዘገብሁም የኔ ልጅ» ብዬ መለስሁላት፤ እንዴት ያለ ሙዝ እንደነበር ግን ፈጣሪ ያውቃል። ፒያሳ ስቃረብም ከብስክሌቴ ወርጄ በጓሮ በኩል ቤቴ ገባሁ። ይህን ያህል ተጠንቅቄ ሳለ፣ ደረቱ ላይ ቁጥር ያልለጠፈ አንድ ጎልማሳ በአንድ እጁ የአይሱዙ ኋላ ይዞ፣ በሌላው ሙዝ እየላጠ ሐረጎን ሲወጣ አየሁት። እሱ ደሴ ሲደርስ ተጨበጨበለት አሉ። በወረቀትዎ ላይ ስሙን ፈለግሁ፤ የለም። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ ፈለግሁ። አሁንም የለም።

ሰው መጠርጠር ኃጢአት ነው ይላሉ። እኔ ግን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ነኝና ትንሽ፣ ጥፍር የምታህል፣ ጠርጥሬያለሁ። ውሳኔው የተሰጠው «በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት» ነው ይላል። ለጽናት በምዝገባው ቀን የተሰጣት የውድድር ደንብ ሰባት አንቀጽ ብቻ ነው ያለው። ምናልባት ስምንተኛውና ዘጠነኛው እሑድ ከሰዓት በኋላ የተወለዱ መንትዮች ይሆናሉ። ከሆኑ እንኳን ማርያም ማረችዎ።

ሦስተኛውና ዋናው ፎቶው ነው። ከውሳኔው ጎን ሦስት ራሶች ተጠጋግተው የሚታዩበት ፎቶ ተለጥፏል፤ የእኔ ሽበት በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። «አብረው ሲጋልቡ» ይላል ከሥሩ። ፎቶው ከትከሻችን በታች ተቆርጧል። ለምን ተቆረጠ ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ፣ ጠዋት ሐረጎ ኩርባ ላይ ሆኖ ሲያነሳ ወደነበረው ፎቶ አንሺ ወደ አብርሃም ሄድሁ። ሙሉውን አሳየኝ። በሙሉው ፎቶ ላይ ክቡር ሆይ፣ የሚጋልብ ሰው የለም! የእኔ ብስክሌት ጎማዋ ወደ ሰማይ ተገልብጣለች፤ ረውዳ መሪውን ይዛለች፤ ጽናት ጎንበስ ብላ ዐሥር ጣቷን በግራሶ ነክራ የወለቀ ካቴናዬን ትመልሳለች። እኔ ደግሞ ኮዳዬን ታቅፌ እንደ ታቦት ቆሜያለሁ።

የሆነው ይኸው ነው። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ደረሱብኝና ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ካቴናዬ ወለቀ። እለፉ ብዬ ጮኽሁባቸው፤ በበትር አስፈራራኋቸው፤ በትር ባይኖረኝም። ጽናት «ዝም ይበሉ አባባ፣ እጅዎን ያንሱልኝ» ብላ ወረደች። ረውዳም «አብሽሩ አባባ፣ ወላሂ ማንም አይደርስብንም» ብላ ወረደች። አብርሃም የካሜራውን ሰዓት ቆጥሮ እንዳሳየኝ ድፍን አራት ደቂቃ በእኔ ምክንያት ቆመዋል። ከዚያ እኔን እዚያው ትተውኝ ሄዱ፤ ሦስተኛና አራተኛም ወጡ። እንግዲህ ያልተመዘገበ ሰው የጠቀማቸው ሳይሆን ያዘገያቸው ልጆች ናቸው። አንቀጽ ዐሥር የሚጻፍ ከሆነ ስለዚህ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ጽናት ከማክሰኞ ጀምሮ ብስክሌቷን አልነካችም። እኔን አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ የሸኘሁት ሰው በእኔ ምክንያት ከመንገዱ ሲቀር ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ እባክዎ ቅጣቱን ለባለቤቱ ይስጡት። እድሜ ልኬን ይከልክሉኝ፤ ስሜን በቀይ ጽፈው ከፎቶዬ ጋር ፒያሳ ይስቀሉት፣ ከአንገት በላይ ቢሆንም አልቀየምም። የሁለቱን ልጆች ውጤት ግን ከሰኞ በፊት ወደነበረበት ይመልሱት።

ደንብ በማክበርም፣ ደንብ በመውለድም ለሚደክመው ኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለመቀስዎ ደግሞ ጥቂት ዕረፍት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ (ቀና ማለቱ ጊዜ ቢወስድብኝም) እጅ የምነሳዎት፣

አግማስ ይማም
የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ፣ ነፋስ ከለለ የተባለው

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ ጉዳይ፦ ደብዳቤዬን ለማንበብ ጊዜ ካጡ በሚል፣ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ልጆቹ ያንኑ መንገድ በሰው ሁሉ ፊት እንዲደግሙት ተስማምተናል። እኔ ደሴ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። መመዝገቢያው የእኔ ደጃፍ ነው፤ መዝገቡም ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነው። ዛሬ ከሁሉ ቀድማ መጥታ የተመዘገበችው አምስተኛ የወጣችው ልጅዎ የምስራች ናት። «አባባ፣ ሦስተኛ ከወጣሁ በገዛ እግሬ ልውጣ፤ ይህን ማለቴንም ይጻፉት» ስላለችኝ ጽፌያለሁ። ልጅዎን ለመሸኘት መምጣትዎ አይቀርምና፣ ክቡር ሆይ፣ እባክዎ ቀድመው ይመዝገቡ።