የነካ እጁን ያንሳ

ማክሰኞ፣ ጥር 22 ቀን 1976 ዓ.ም.

እሺ አልኩት። ምን ነክቶኝ ነው እሺ ያልኩት?

የቀበሌያችን ስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ተስፋዬ ቢሮዬ ድረስ መጣ። እሑድ ለአባዬ መታሰቢያ የመረብ ኳስ ግጥሚያ አለ፤ የእኛ ቀበሌ ከመሃል ከተማ ቡድን ጋር። ቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ አሁን እኔ እንዳነበው ፈልገዋል። «አንቺው የጻፍሽው፣ አንቺው ብታነቢው ያምራል» አለኝ። ያምራል!

ቅጂው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። በዚሁ ቢሮ በምሠራበት ጽሕፈት መኪና፣ በሦስት ካርቦን የመታሁት፣ አንድ ገጽ ተኩል። ከአንድ መስመር በስተቀር ሁሉም እውነት ነው። «በጤና ምክንያት ከዳኝነት ራሳቸውን አግልለዋል» ይላል። የምን ጤና? አባዬ እስከ ኅዳር ድረስ ቦይ ውስጥ ገብቶ የከተማውን ቧንቧ ሲቀጥል የኖረ ሰው ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 23

ሁለት ደብዳቤ አበላሸሁ። አለቃዬ ሐዘን ነው ብሎ ዝም አለኝ። ሐዘን ብቻ በሆነ።

ከሥራ ስወጣ ታቦር ተራራ ሥር ባለው ሜዳ በኩል ሄድኩ። መረቡን ወጥረውታል። አባዬ ነው የሠራው፤ ከሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ክር እየለመነ፣ አንዱን ጫፍ የእግሩ አውራ ጣት ላይ አስሮ፣ እኛን አራት ልጆቹን ዙሪያውን አስቀምጦ እየቋጠረ። እማዬ «ሰው ለልጆቹ ሹራብ ይሠራል፣ አንተ ለሜዳ ትሠራለህ» ትለው ነበር። «ልጆቼስ ሜዳ ላይ አይደል የሚያድጉት?» ይላታል። ሴት ልጆቹን በቁምጣ ያዘልላል ብለው ጎረቤቶች ሲያሙት አልተቆጣም። ቁምጣችንን ከጉልበት በታች አስረዝሞ አሰፋልንና ማዝለሉን ቀጠለ።

የመስመር ዳኛ የሚሆን ሰው ስለማይገኝ የራሱ ደንብ ነበረው፦ የነካ እጁን ያንሳ። ኳስ ነክቶህ ከወጣ፣ ማንም ሳይጠይቅህ እጅህን ታነሳለህ። ከሌላ ቀበሌ የሚመጡ ቡድኖች መጀመሪያ ይስቃሉ፣ በኋላ ይለምዱታል።

ይኸው፣ ልጻፈው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ የዋንጫው ዕለት፣ የመጨረሻዋ ነጥብ ላይ የመሃል ከተማዋ ዘይነባ ኳሱን መታችው። ላግድ ዘለልኩ። የመሃል ጣቴን ጫፍ ነክቶኝ ውጪ ወደቀ። ነጥቡ የእነሱ ነበር። አባዬ ፊሽካውን አፉ ላይ እንዳደረገ አየኝ።

እጄን አላነሳሁም።

«ነክታለች!» ብለው ጮኹ። አባዬ «ልጄ ብትነካ ኖሮ እጇን ታነሳ ነበር» አለና ለእኛ ነፋ። ዋንጫውን ታቅፌ የተነሳሁት ፎቶ ዛሬም ሳሎናችን ተሰቅሏል።

ሐሙስ፣ ጥር 24

ከሁሉ በፊት ለዘይነባ መንገር አለብኝ ብዬ የቤተሰቧ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ሄድኩ። «አላህ ያጽናሽ» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። «ምን ልስጥሽ?» ነጭ ክር ገዝቼ ወጣሁ። ክር ምን ያደርግልኛል? ቁልፍ እንኳ መትከል አልችልም።

ነገሩ በሜዳው ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አባዬ አድልቷል ተብሎ ተከሰሰ። የዚያን ጊዜው የቀበሌ ሊቀ መንበር ደግሞ ሰበብ ይፈልግ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ እቤታችን ሰው ሰብስበን እንደምንጸልይ ያውቃል። አባዬን ስብሰባ ላይ አቁመው «ለልጅህ ማድላትህን አምነህ ግለ ሂስ አድርግ» አሉት። «አላደላሁም። ልጄ አትዋሽም» አለ፣ ከዚህ ሌላ አልተናገረም። ፊሽካውን እዚያው ተቀበሉት።

ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ። «አስተያየት ያለው እጁን ያንሳ» ተባለ። አላነሳሁም። ፈርቼ ነው እላለሁ ለራሴ። ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ዋንጫውን ወድጄው ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 25

ለእማዬ ልነግራት ቆርጬ ገባሁ። የአባዬን የዳኝነት ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር፤ እሑድ ሜዳው ላይ ሊሰቀል ነው። «ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው» አለችኝ። «አድልቷል ያሉት ሁሉ ስሙን ይስሙ።» በዚሁ ነገር ምክንያት ከዘይነባ እናት ጋር ከተኮራረፈች አምስት ዓመቷ ነው። ገበያ አብረው ይውሉ የነበሩ ሰዎች!

«እሱኮ አንድም ቀን አልተማረረም» አለች። «እኔን አይመኑኝ፣ ማርታዬን ግን ይመኗት፣ ነበር ስለ አንቺ የሚለው።»

ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ። እንስራው ሙሉ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 26

የሚቻለው፦
ታምሜያለሁ ማለት።
ያቺን መስመር ዘልሎ ማንበብ።
እንዳለ ማንበብ።

አራተኛም አለ። ጽፌ ሰረዝኩት። ጸለይኩ፣ በጣም አጭር። መልሱን ስለማውቀው ነው ያሳጠርኩት።

እሑድ፣ ጥር 27

ሜዳው ሞልቶ ነበር። እማዬ ፊት ለፊት፣ ከሸሚዙ ሥር። ዘይነባ ከቡድኗ ጋር ቆማለች፤ አሁን አሠልጣኝ ናት።

ማንበብ ጀመርኩ። ትውልዱ፣ ቧንቧው፣ አራት ልጆቹ፣ መረቡ። ሰው ያጨበጭባል። «በጤና ምክንያት» የምትለዋ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ጓድ ተስፋዬ ያለቀስኩ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። ወረቀቱን ሰጠሁትና ቀኝ እጄን አነሳሁ።

አንዳንዱ መሐላ መሰለው። አብረውኝ የተጫወቱት ግን ወዲያው ገባቸው። «ነክቶኝ ነበር» አልኩ። «ያን ዕለት ኳሱ ነክቶኛል። አባቴ አላደላም። አምኖኝ ነው።»

ያጨበጨበ የለም። የሆነ ሽማግሌ ከኋላ «አይ ማቴዎስ!» ሲሉ ሰማኋቸው፣ የአባዬን ስም።

ዘይነባ መጣች። በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ በመታችኝ። «ኳሱስ ይቅር» አለች። «አባትሽ በሱቃችን ባለፉ ቁጥር ሰላም ይሉኝ ነበር። እኔ ፊቴን አዞራለሁ። አምስት ዓመት፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይሰለቻቸው። አሁን የት ሄጄ ልመልስላቸው?»

ይህን አላውቅም ነበር። የወሰድኩበት ፊሽካውን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ግጥሚያው ሲያልቅ እማዬን አጣኋት። ሸሚዙን ይዛ ቀድማኝ ሄዳለች። ቤት ስደርስ የመኝታ ቤቷ በር ተዘግቷል። ፎቶው ከሳሎን ወርዷል፤ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። «እማዬ» አልኳት ከውጪ። እንዳልተኛች አውቃለሁ፤ ስታለቅስ ይሰማል።

ራቴን ግን ከድና አስቀምጣልኛለች። ሽሮው ቀዝቅዟል። አንድም ሳላስቀር በላሁት።