ሁለት ዓመት አንገቴን የደፋሁለት ሰሌዳ

ለክቡር አቶ ፔትሮክ ናንካሮ፣
የአሮጌው የቆርቆሮ ማዕድን ጉድጓድ ጥገና በጎ ፈቃደኞች ማኅበር ሊቀመንበር፣
ኮርንዎል

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? የጉልበትዎ ሕመም ቀለል እንዳለልዎትና፣ ወደ ጉድጓዱ ባይወርዱም ለምንወርደው ማሰብዎን እንዳላቋረጡ ተስፋ አደርጋለሁ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ ፊደል ስለቆጠርኩ፣ ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ ጽፌ በመንደሩ ጋዜጣ ለማውጣት በቅቻለሁ።

አንደኛ፣ የተደረመሰውን መተላለፊያ ለመክፈት ዘጠኝ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ጭቃ ዝቄ አሥራ አራት ምሰሶ ስላቆምኩበት፣ የማኅበራችን አባል ወይዘሮ ፊሊፓም በመጨረሻው ቀን መጥተው ፎቶ ስለተነሱበት ማኅበሩን አመሰግናለሁ። ቀዩ ሄልሜት እጅግ ያምርባቸዋል። የእኔ ቀለሙን ከለቀቀ ቆይቷል።

ሁለተኛ፣ መተላለፊያው አፍ ላይ ስለተሰቀለው የነሐስ ሰሌዳ። ማንበብ በማልችልበት ጊዜ ምን እንደሚል ብጠይቃቸው፣ ወይዘሮ ፊሊፓ «ጭንቅላትሽን ጠብቂ ነው የሚለው፣ የኔ ወርቅ» አሉኝ። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ በሥሩ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን ደፋሁ፤ ጭቃ ሲነካውም በእጅጌዬ ወለወልኩት። ባለፈው ወር ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ሳነበው ግን «ይህን መተላለፊያ የከፈተችው ፊሊፓ ናት» ይላል። ጣሪያው እዚያ ጋ ረጅም ሰው እጁን ቢዘረጋ እንኳ አይደርስበትም።

ሦስተኛ፣ ይህንኑ ስነግርዎ «ውይ ሎዊና፣ አንቺ ማንበብ ጀመርሽና እኛ ሰላም አጣን!» ብለው ስለሳቁልኝ አመሰግናለሁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ራቴ ከፊቴ እንደተቀመጠ ቀዘቀዘ።

ቅናት ነው ይሉኛል። አዎ፣ ቅናት ነው። ፎቶውን ሌላ ሰው ቢነሳው ግድ አልነበረኝም፤ ስም ግን ገና አሁን ማንበብ የቻልኩት ነገር ነው። የምለምነው አንድ ነው፦ ጉድጓዱ ለጎብኚ በሚከፈትበት በመጪው ቅዳሜ፣ ሰሌዳው ላይ ከወይዘሮ ፊሊፓ ስም በታችም ቢሆን ስሜ እንዲታከልልኝ። ፊደሎቹን እኔው እቀርጻለሁ።

በስማቸው ሥር ጎንበስ ማለት የለመደችው፣ እስካሁን ታዛዥዎ፣
ሎዊና ትሬጊጋ

ማስታወሻ፦ ስሜ ባይታከልም አይጨነቁ። ሰሌዳውን ከእንግዲህ አልወለውለውም፤ ጣሪያው ደግሞ እንደሚያውቁት ጭቃ ያንጠባጥባል። ቅዳሜ እንግዶቹን የማስገባው እኔ ነኝ፤ ሰሌዳው ምን እንደሚል የጠየቀኝ ካለ፣ ወይዘሮ ፊሊፓ እንዳስተማሩኝ አነብለታለሁ፦ «ጭንቅላትህን ጠብቅ፣ የኔ ወርቅ»።