ያልተወለዱት ስልሳ አምስት ሚሊዮን

ጥር 6
ሽንኩርት ልገዛ ጠይባ መደብ ሄድኩ። ቤት ሽንኩርት ሞልቷል... ባሏ ከሞተ ወዲህ ንግዱን የያዘችው ብቻዋን ነው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እኔም ሽንኩርት ማብዛት ጀምሬያለሁ። እንድታገባኝ ልጠይቃት ሄጄ ስለ ሕዝብ ብዛት አወራሁ። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ሲፈራ እንዲህ ያደርገዋል።

ያ ከብቱን የጨረሰው ክፉ ቀን ባይመጣ ስንት እንሆን ነበር? ከሰው ሲሶው አለቀ ይባላል። ባያልቅ ኖሮ የዛሬው መቶ ሠላሳ ሚሊዮን መቶ ዘጠና አምስት ይገባ ነበር።

"የት ይተኛሉ?" አለችኝ።

አላሰብኩበትም።

ጥር 9
ጎረቤቴ አብዱልሰመድ ቤት በጫት በርጫ ላይ ስሌቱን ደገምኩት።

"ስልሳ አምስት ሚሊዮን ያልተወለደ ሰው ቆጥረህ፣ አንዲት የተወለደች ሴት ማናገር አቃተህ?"

ያውቃል ማለት ነው? ሽንኩርቱን አይቶ ይሆናል።

"ሽማግሌ ልሁንልህ?"

"ቆይ፣ ስሌቱን ላጥራ።"

ጥር 14
ስሌቱ ተበላሸ። ቅድመ አያቴ ከደብረ ሲና ወደዚህ ቆላ የወረደው በሬዎቹ ባለቁበት ዘመን ነው። እዚሁ ሰለመ፣ እዚሁ አገባ። በሬዎቹ ባያልቁ አይወርድም። ባይወርድ... ከመቶ ዘጠና አምስት ሚሊዮኑ ውስጥ እኔ የለሁም።

ለጠይባ ነገርኳት። ሚዛኑን አስቀመጠች።

"አንቱ ከሌሉ ሽንኩርቴን ማን ይገዛል?"

"መቶ ዘጠና አምስት ሚሊዮን ሕዝብ።"

"እነሱ የሚገዙት ሲያልቅባቸው ነዋ።"

ማታ አብዱልሰመድን "ሂድልኝ" አልኩት።

ጥር 16
ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው ሄዱ። ታላቅ ወንድሟ ኸድር በወጉ መለሳቸው። "እንመካከር፣ ሳምንት ኑ።" ሥራዬን ሲጠይቅ አብዱልሰመድ ምን አለ? "ያልተወለዱ ሰዎችን ይቆጥራል።"

ይሄን ሰውዬ እኔ ነኝ የላክሁት...

ጥር 23
ዛሬ ተመልሰው ሄዱ። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ፤ ዓይኔ ለመቅላቱ ምክንያት እንዲኖረኝ።

የኸድር መልስ፦ "ካሁን ወዲያ የሚቆጥረው የተወለደ ሰው ብቻ ከሆነ፣ እሺ ብላለች።"

አልሐምዱሊላህ። ስልሳ አምስት ሚሊዮኑን በይፋ አሰናበትኩ።

የካቲት 6
ረመዳን ሳይገባ ኒካው ታሰረ። እንግዳው ሲበተን ጠይባ ወጥ ቤት ገባች። የሽንኩርቱን ክምር አየች። ግማሹ በቅሏል።

"ይሄ ሁሉ የኔ ነው?"

"ያንቺ ነው።"

"ታዲያ ቀድመህ አትናገርም?"

"ስሌት ላይ ነበርኩ።"

የቤቴ ሕዝብ በአንድ ቀን መቶ በመቶ አደገ። ምጣኔው ያሳስባል።